የወንጂዋ ጊታር፤ ከአዳማ የጥገና ማስታወሻ

ጥቅምት 9

ጊታሯ ጠረጴዛዬ ላይ ናት። የሣጥኗ ርዝመት 46 ሴንቲ ሜትር፣ ሰፊው የታችኛው ክፍሏ 31፣ ወገቧ 19 ሴንቲ ሜትር ነው። አንገቷ ከሣጥኗ ጋር የሚገጥመው 12ኛው ፍሬት (አንገቷ ላይ አግድም የተተከለው የብረት ዘንግ) ላይ ነው፤ የዛሬዎቹ ባለ ብረት ክር ጊታሮች ግን አብዛኞቹ 14ኛው ላይ ይገጥማሉ። ራሷ እንደ ክላሲካል ጊታር ሁለት ረጃጅም ክፍተቶች አሉት። ፓርለር ከሚባሉት ወገን ናት። እነዚህ ከ19ኛው መቶ ዘመን አንሥቶ እስከ እ.ኤ.አ. 1930ዎቹ አካባቢ በአውሮፓና በአሜሪካ የሳሎን ጊታሮች ነበሩ፤ ማይክሮፎን ባልተስፋፋበት፣ አድማጩም ከአንድ ክፍል በማያልፍበት ዘመን የተሠሩ።

የገዛኋት ከወንጂ ነው። የሻጩ አባት የስኳር ፋብሪካው መካኒክ ነበሩ። ፋብሪካውን እ.ኤ.አ. በ1954 ሥራ ያስጀመረው ኤች.ቪ.ኤ. የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ነበር፤ በ1967 ዓ.ም. ወደ መንግሥት ሲዛወር አንድ ሆላንዳዊ ጊታሯን ለመካኒኩ ትቶላቸው እንደሄደ ቤተሰቡ ይናገራል። ከዚያ ወዲህ አብዛኛውን ዕድሜዋን ያሳለፈችው ቁም ሣጥን አናት ላይ ነው። አቧራዋ ብቻ ይመሰክራል።

የሠሪዋ ስም የለም። በቀዳዳዋ ሲታይ ጀርባዋ ላይ አራት ማዕዘን የወረቀት ምልክት አለ፤ ወረቀቱ ራሱ ግን ተልጦ ጠፍቷል። ሻጩ «የጀርመን ናት» አለኝ፤ ለምን እንደዚያ እንዳለ ስጠይቀው «ጠንካራ ስለሆነች» ብሎ መለሰልኝ። ተስማምተን ተጨባበጥን።

ጥቅምት 12

በጥርስ ሐኪም መስታወትና በስልኬ መብራት ውስጧን ሳይ አመሸሁ።

ከፊት ገጿ በስተኋላ አራት ማገሮች አሉ፤ አራቱም አግድም የተጋደሙ ናቸው። ይህ የመሰላል አሠራር ይባላል። ማርቲን የተባለው ሠሪ በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ላይ ሁለት ዋና ማገሮችን በኤክስ ቅርጽ ማቆራረጥ ጀመረ፤ ኋላ ላይ የብረት ክር ሲመጣ ጉልበቱን የተሸከመው ያ አሠራር ነው። የእኔዋ የላትም። ከአራቱ ማገሮች የሁለቱ ጫፍ ለቋል፤ ገጿን በጣቴ ቆርቆር ሳደርጋት እዚያ ቦታ ላይ ድምፁ ይንኳኳል።

ከብሪጁ፣ ማለትም ክሮቹ ገጿ ላይ ከሚያዙበት እንጨት፣ እስከ ታችኛው ጠርዝ ድረስ አንድ ስንጥቅ አለ፤ ሰፊው ቦታ አንድ ሚሊ ሜትር ይሆናል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የፊት ገጿ የተሠራበት ስፕሩስ የተባለ ለስላሳ እንጨት ሲደርቅ በስፋቱ ይኮማተራል፤ ማገሮቹ ግን በርዝመታቸው አይኮማተሩም፤ ገጿም ከእነርሱ ጋር ስለተጣበቀች መሸሻ የላትም። ስለዚህ የእንጨቱን ሥር፣ ማለትም የቃጫውን መስመር ተከትላ ትሰነጠቃለች። የአዳማ ነፋስ ደግሞ እንጨት አይምርም። ከከተማው ወጣ ብሎ ኮረብታው ላይ የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለው በከንቱ አይደለም።

ብሪጁ በስተኋላ ተነሥቷል። ማን እንደሆነ የማይታወቅ ጠጋኝ ሁለት ብሎን አሳልፎበት ከውስጥ በዳዶ አጥብቆታል። ብሎኖቹ የተሸፈኑት በልብስ ቁልፍ ነው። ሰማያዊ ቁልፍ!

ከሁሉም ይበልጥ ያስደሰተኝ ግን መቃኛዎቹ ላይ ያየሁት ነገር ነው። ክሮቹ የሚጠመጠሙባቸው ዘንጎች ከአጥንት የተሠሩና ወፍራም ናቸው፤ አንድ ሴንቲ ሜትር ይሞላሉ። በአጉሊ መነጽር ስመለከት በሦስቱ ላይ ቀጭን፣ ጥልቅ ቦይ ተቆፍሯል። ይህ የብረት ሽቦ ንክሻ ነው። ወፍራም የአጥንት ዘንግ የሚሠራው ለብረት አይደለም፤ ለአንጀት ክር ነው። ጊታሮች እስከ 20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ድረስ በአብዛኛው የሚጫወቱት በእንስሳ አንጀት ክር ነበር፤ የእኛ በገና ዛሬም የሚደረደረው በበግ አንጀት እንደሆነው ሁሉ። ማርቲን ራሱ ጊታሮቹን ለብረት ክር አድርጎ መሥራት የያዘው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ነው። ስለዚህ የዚች ጊታር ሕመም ግማሹ ከደረቅ አየር፣ ግማሹ ደግሞ ያልተሠራችለትን ክር በማሸከም የመጣ ነው።

ጥቅምት 14

የጎረቤቴ ልጅ መጥቶ አያት። በቤተ ክርስቲያን የመዘምራን ቡድን ውስጥ ጊታር ይጫወታል፤ እጁ ጥሩ ነው። «ጋሼ፣ ውስጧን በደንብ አጠናክረው ብረት ክር ይሰሩላት፤ በናይለን ድምፅ የላትም» አለኝ። ሂሳቡን ወረቀት ላይ ሠራሁለት። የተለመደው ቀጭን የብረት ክር፣ ባለ 12 የሚባለው፣ በስድስቱ ክር ድምር ከ70 ኪሎ በላይ ይስባል። ናይለን ወደ 40 ኪሎ ነው። የዚች የክር ርዝመት ደግሞ 61 ሴንቲ ሜትር ተኩል ብቻ ስለሆነ፣ ከ65 ሴንቲ ሜትሩ ክላሲካል ጊታር አንጻር ውጥረቱ ወደ 36 ይወርዳል። አንድ ድምፅ ዝቅ አድርጌ ብቃኛት ከ30 በታች ይሆናል፤ ውጥረት የሚቀንሰው በድምፁ ንዝረት ካሬ ልክ ነውና።

70 ኪሎ ለማሸከም ማገሮቿን አውጥቼ በወፍራም መተካት አለብኝ። ያን ካደረግሁ በኋላ የቀረችው ጊታር የእኔ ሥራ ትሆናለች እንጂ የወንጂዋ አትሆንም። ልጁ ዝም ብሎ ሰማኝ፤ እንዳላሳመንኩት ፊቱ ላይ ይነበባል።

ጥቅምት 20

ሙጫ ከመንካት በፊት እርጥበት። ክፍሌ ውስጥ የሰቀልኩት የእርጥበት መለኪያ ከሰዓት በኋላ 31 በመቶ ያሳያል። ለእንጨት መሣሪያ የሚመከረው ከ45 እስከ 55 በመቶ ነው። ደርቃ ተኮማትራ ሳለች ስንጥቁን በእንጨት ስንጣሪ ብሞላው፣ በክረምት ስታብጥ መሄጃ አጥታ ትቆለመማለች።

ስለዚህ በትልቅ የፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ አስገባኋት፤ አጠገቧ ክዳኑ የተበሳሳ የሳሙና ማስቀመጫ፣ ውስጡ እርጥብ ስፖንጅ። ስፖንጁ እንጨቱን እንዳይነካ በጨርቅ ለየሁት። መለኪያውንም አብሬ ከተትኩት። አሁን ሥራው መጠበቅ ነው።

ኅዳር 3

ስንጥቁ ጠበበ። ምላጭ ብቻ ነው የሚገባበት።

ኅዳር 5

ብሎኖቹን አወጣሁ። ዳዶዎቹ ዝገው ከብሎኑ ጋር አንድ ሆነዋል፤ በቀዳዳዋ እጄን አስገብቼ በፒንሳ ስይዝ፣ ከላይ በካቻቢቴ ስፈታ፣ የእጄ ቆዳ ተላጠ። ሲወጡ አዲስ ነገር ታየ፦ ብሪጁ ሥር ነጭ የእንጨት ኮላ በብዛት ፈስሷል። ነጭ ኮላ አሮጌ ሙጫ ላይ አይዝም፤ ለዚህ ነው ጠጋኙ ወደ ብሎን የሄደው። ብሪጁን በጋለ የብረት ቁራጭ እያሞቅሁ፣ ቀጭን የወጥ ቤት ቢላዋ ቀስ በቀስ ከሥሩ አስገባሁ። ነጩ ኮላ ሲሞቅ እንደ ማስቲካ ይጎተታል፤ የቀድሞው ሙጫ ግን በሙቀትና በጥቂት እርጥበት ያለ ትግል ለቀቀ። ከእ.ኤ.አ. 1950ዎቹ በፊት የተሠሩ የእንጨት መሣሪያዎች አብዛኞቹ የተጣበቁት በከብት ቆዳ ሙጫ ነው፤ የሠሩትም ሰዎች አንድ ቀን ሌላ ሰው እንደሚከፍታቸው ያውቁ ነበር።

ኅዳር 16

ለስንጥቁ ከውስጥ በኩል የሚለጠፉ ቁራጮች የምሠራበት ጥሩ እንጨት ፍለጋ ወደ አንድ አናጺ ሄድኩ። ሽማግሌ ናቸው፤ ወንበር፣ አልጋ፣ ሣጥን ይሠራሉ፤ ሞረዳቸውና መላጊያቸው ከእኔ ዕድሜ ይበልጣል። ጊታሯን ሲያዩ መጀመሪያ ጀርባዋን አሸተቱ።

«ይኼ የቆዳ ኮላ ነው» አሉ። «እኛም ድሮ ቀቅለን እንሠራበት ነበር። ክፍሉን በሙሉ ያገማው ነበር።»

«ጋሼ፣ እርስዎ ዘንድ አሁን ይገኛል?»

«ማን ይቀቅላል ብለህ ነው? ሁሉም በጣሳ ነው የሚገዛው።»

ከጥግ አንድ ጣውላ አወጡልኝ። የማሽን ማሸጊያ ሣጥን ነበር፤ ከባሕር ማዶ የመጣ ለስላሳ እንጨት፣ ሥሩ ቀጥ ያለና ጠባብ። ገንዘብ አልተቀበሉኝም፤ ቡና ጋበዝኳቸው። ቡናው ላይ ስለ ማርቲን አጫወትኳቸው። በጀርመን ማርክኖይኪርሽን የተወለደ የጊታር ሠሪ፣ እ.ኤ.አ. በ1833 ወደ ኒው ዮርክ ተሻገረ፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ፔንሲልቬንያ ውስጥ ናዝሬት ወደምትባል ከተማ ገባ፤ ኩባንያው ዛሬም እዚያው ነው። አናጺው አዳማን እስከ ዛሬ ናዝሬት ነው የሚሉት። ሲኒያቸውን አስቀምጠው፣ «ታዲያ በየት ሰፈር በኩል ነው?» አሉኝ። መቀለዳቸው ይሁን አይሁን ፊታቸው ላይ ምንም አልነበረም።

ኅዳር 24

ሙጫው። የቆዳ ሙጫና ለኬክ የሚሸጠው ጣዕም የሌለው ጄላቲን መሠረታቸው አንድ ነው፤ ከሱፐርማርኬት ገዛሁ። አንድ እጅ ጄላቲን በሁለት እጅ ቀዝቃዛ ውኃ ነክሬ እስኪያብጥ ተውኩት፤ ከዚያ ብርጭቆውን በሞቀ ውኃ ውስጥ አስቀምጬ ወደ 60 ዲግሪ አደረስኩት። ከፈላ ጉልበቱን ያጣል፤ ስለዚህ ቴርሞሜትር ከአጠገቡ አይለይም። ትክክለኛው ውፍረት ከብሩሽ ላይ ሳይቆራረጥ እንደ ቀጭን ማር ሲወርድ ነው።

ይህ ሙጫ ጊዜ አይሰጥም። ከቀዘቀዘ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይረጋል፤ ስለዚህ እንጨቱን በፀጉር ማድረቂያ አሞቅሁት፤ መጨበጫዎቹን አስቀድሜ በየቦታቸው ደረደርኩ። ሙጫውን ከላይ በጣቴ ወደ ስንጥቁ እየጨመቅሁ፣ ከውስጥ ደግሞ በሌላ እጄ እየገፋሁ፣ ሙጫው በሌላኛው ወገን ብቅ እስኪል ድረስ አስገባሁት። ከዚያ አልማዝ ቅርጽ ያላቸውን ትንንሽ ቁራጮች ቃጫቸው ስንጥቁን አቋርጦ እንዲሄድ አድርጌ ከውስጥ ለጠፍኳቸው። እጅ በማይደርስበት ቦታ ቁራጩን የያዘልኝ ማግኔት ነው፤ ከተበላሸ የኮምፒውተር ሃርድ ዲስክ የወጣ፣ አንዱ ከውስጥ አንዱ ከውጭ። ሃርድ ዲስኩን የሰጠኝ ኮምፒውተር ጠጋኝ ለምን እንደፈለግሁት ስነግረው ሊያምነኝ አልቻለም። ማግኔቶቹ ጣት ይነክሳሉ፤ መጠንቀቅ ነው።

የለቀቁትን የማገር ጫፎች ደግሞ ሙጫ አስገብቼ፣ ከጀርባዋ እስከ ማገሩ በልክ የተቆረጡ ቀጫጭን እንጨቶችን እንደ ድጋፍ አቆምኩባቸው፤ ሥራቸው ላይ ሽብልቅ አስገብቼ አጠበቅኋቸው። ሌሊቱን እንደዚያው ታድራለች።

ኅዳር 26

ቆርቆር ሳደርጋት የትም አይንኳኳም።

ታኅሣሥ 8

ብሪጁ ተመለሰ። የብሎኖቹን ቀዳዳዎች በክብ እንጨት ደፈንኳቸው፤ ነጩን ኮላ እስከ መጨረሻው ፍቄ፣ እንጨት ከእንጨት ጋር በሙቅ ሙጫ አገናኘሁ። ሰማያዊ ቁልፎቹ መሳቢያ ውስጥ ናቸው። የጊታሯ ታሪክ አካል ስለሆኑ አልጣልኳቸውም፤ ግን ፊቷ ላይ አይመለሱም።

ታኅሣሥ 15

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ። ረጅም ማስመሪያ ፍሬቶቹ ላይ ሳጋድም ጫፉ የብሪጁን አናት ሳይነካ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይመጣል። አንገቷ በዘመናት ውጥረት ወደ ፊት አጎንብሳለች ማለት ነው። ደንበኛው መድኃኒት አንገቱን በእንፋሎት ነቅሎ፣ ተረከዙን ልጎ፣ እንደገና መትከል ነው። ለብረት ክር ቢሆን ሌላ አማራጭ አይኖረኝም ነበር፤ ብረት 12ኛው ፍሬት ላይ ከሁለት ሚሊ ሜትር ተኩል ከፍ ካለ ጣት ይቆርጣል። ናይለን ግን የሚንቀጠቀጠው በሰፊው ስለሆነ በራሱ ከፍታ ይፈልጋል፤ በወፍራሙ ክር በኩል እስከ አራት፣ በቀጭኑ በኩል ሦስት ሚሊ ሜትር ተገቢ ነው። ብሪጁ ላይ ክሮቹ የሚያርፉበትን የታችኛውን አጥንት ጥቂት ብሞርደው እዚያ ይደርሳል። ክሩን ማለዘቤ አንገቱን ከመንቀልም አዳነኝ። ይህን ለጎረቤቴ ልጅ ሳልነግረው አላድርም።

ታኅሣሥ 21

የላይኛው አጥንት፣ ማለትም ክሮቹ ወደ መቃኛው ከመግባታቸው በፊት የሚያርፉበት፣ ተሰብሮ ግማሹ ጠፍቷል። ፕላስቲክ ከአዲስ አበባ ማስመጣት ይቻላል። እኔ ወደ ሥጋ ቤት ሄድኩ።

የበሬ የእግር አጥንት ነው የሚያስፈልገው፤ ወፍራምና ቀጥ ያለው። ሉካንዳው «ለውሻ ነው?» አለኝ፤ «ለጊታር» ስለው ሥጋ የሚጠብቁት ሰዎች ሁሉ ዞረው አዩኝ። ቤት ወስጄ ቀቀልኩት፤ ቅባቱ እንዲወጣ በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ዘፍዝፌ፣ በፀሐይ አደረቅሁት። ቅባት ያልለቀቀ አጥንት ቢጫ ይሆናል፤ ሲጫወቱም ድምፁን ያደነዝዛል ይላሉ፤ ቢጫነቱን አይቻለሁ፣ ስለ ድምፁ ግን አልማልም።

በብረት መጋዝ ስቆርጠው የሚወጣው ሽታ ጥርስ ሐኪም ቤት ያስታውሳል። አፍንጫዬን በጨርቅ ሸፍኜ በሞረድ ቅርጹን አወጣሁ፤ ከዚያ ብርጭቆ ወረቀት፣ ሻካራው፣ መካከለኛው፣ ለስላሳው። በመጨረሻ በደረቅ ጨርቅ ሲወለወል እንደ ጥንት ሸክላ አበራ። የስድስቱን ክሮች ቦይ ስቆፍር ግን በስፋት እኩል አልከፈልኳቸውም፤ በክሮቹ መካከል ያለው ባዶ ቦታ ነው እኩል የሚሆነው፤ ወፍራሙ ክር ራሱ ቦታ ይወስዳልና። ቦዩ ወደ መቃኛው ዘቅዘቅ ይላል፤ ክሩ የመጨረሻው ጠርዝ ላይ ብቻ እንዲያርፍ። ጠርዙ ካልጠራ ክፍት ክሩ እንደ ሲታር ይጮኻል።

ጥር 3

መቃኛዎቹን በልብስ ስፌት መኪና ዘይት አራስኳቸው። ፍሬቶቹን በሞረድ አስተካከልኳቸው፤ አረንጓዴ ዝገታቸው ለቀቀ። ይኼን ያህል ነው።

ጥር 15

ክር ገባባት። የናይለን ክር ጫፍ ብሪጁ ላይ የሚታሰርበት ቦታ የላትም፤ ክሩ ወደ ውስጥ ገብቶ በሹል ችካል ነው የሚያዘው። የእያንዳንዱን ክር ጫፍ ትንሽ የእንጨት ዶቃ አሳልፌበት ቋጠርኩትና ከውስጥ እንዲይዝ አደረግሁ። ናይለን አዲስ ሲሆን እየተለጠጠ ድምፁን ይለቃል፤ ዞር ብዬ በተመለስኩ ቁጥር ወርዶ ጠበቀኝ።

ቅኝቷ ከተለመደው አንድ ድምፅ ዝቅ ያለ ነው።

ጥር 19

ዛሬ ነው በእውነት የጮኸችው። አጋንኜ አልናገርም፤ ድምፅዋ ትልቅ አይደለም፤ ዝቅተኛው ክር ላይ ጉልበት የላትም። ነገር ግን የተመታ ድምፅ ወዲያው ይፈካል፣ ወዲያውም ይሞታል። በትልቅ ጊታር ላይ አንዱ ድምፅ ሌላውን ይሸፍነዋል፤ እዚህ ላይ ግን እያንዳንዱ ለብቻው ይሰማል። መሰላል ማገር ያላቸው ጊታሮች ጠባይ ይኸው ነው።

ይህ ጠባይ ለትዝታ ተመቸ። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ፤ አምስት ድምፅ ነው፤ ረጅም ማስተጋባት አይፈልግም። አውራ ጣቴ ከታች አንዱን ክር ሲመላለስበት፣ ሌባ ጣቴ ከላይ ዜማውን ሲያንጠባጥብ፣ ክራር መሰለች። ክራር ስድስት ክር ያለው መሣሪያ ነው፤ ስድስተኛው የመጀመሪያውን በስምንት ድምፅ ርቀት ይደግመዋል፤ ስለዚህ የዚች ጊታር 12 ፍሬት ብቻ ነፃ መሆኑ ምንም አላጎደለብኝም። ወደ ባቲ ስዞር ደግሞ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ፤ ሚና ፋ አጠገብ ለአጠገብ ሲመጡ የሚፈጥሩት ንክሻ በዚች ትንሽ ሣጥን ውስጥ ጥርት ብሎ ይወጣል። አንቺሆዬ ላይ ግን ፍሬቱ እንቢ ይላል። ክራር ደርዳሪ ክሩን በጆሮው ጥቂት ዝቅ፣ ጥቂት ከፍ አድርጎ ያስቀምጣል፤ ፍሬት ግን እኩል በተከፋፈለ ግማሽ ድምፅ የታሰረ ነው። በግራ እጄ ክሩን ወደ ጎን እየገፋሁ ልደርስበት እሞክራለሁ፤ ከፍ ማድረግ ይቻላል፣ ዝቅ ማድረግ ግን አይቻልም።

የካቲት 2

የጎረቤቴ ልጅ መጥቶ ረጅም ሰዓት ተጫወተባት። ሲጀምር እንደለመደው በፒክ መታት፤ ተንጫጫች። ፒኩን ኪሱ ከትቶ በጣቱ ሲቀጥል ተስማሙ። ሊሄድ ሲል፣ «ለመዝሙር ቤት ግን አትሆንም» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ከበሮና ኪቦርድ ባለበት አትሰማም። እኔም ለዚያ አላሰብኳትም።

የካቲት 24

ሰማዩ ደመና ያዘለ ነው፤ የበልግ ዝናብ ሳይጀምር አይቀርም። መለኪያው 44 በመቶ ይላል። የሳሙና ማስቀመጫዋ ከሣጥኗ ጋር ቋሚ ጓደኛ ሆናለች፤ ስፖንጁን የማርሰው ከ40 ሲወርድ ብቻ ነው። 12ኛው ፍሬት ላይ የክሩ ከፍታ በወፍራሙ በኩል 3.8፣ በቀጭኑ 3 ሚሊ ሜትር ሆኖ ቆሟል፤ ከጥር ወዲህ አልተንቀሳቀሰም። ብሪጁ ሥር ወረቀት ለማስገባት ሞከርኩ፤ አልገባም። ከብሪጁ ጀርባ ያለው የገጿ እብጠት ግን ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም፤ የብረቱ ዘመን የተወው ጠባሳ ነውና አይመለስም ብዬ ትቼዋለሁ።

የቀረው ሁለተኛው ክር ነው። 7ኛው ፍሬት ላይ ሲያዝ ይንጫጫል፤ 8ኛው ፍሬት ከአጎራባቾቹ በትንሹ ከፍ ያለ ይመስላል። ከአናጺው የተዋስኩትን ጠባብ ሞረድ ገና አልመለስኩም፤ ቅዳሜ እሠራዋለሁ።